ዘንጉን የያዘው ሰው

አንትወርፕ፣ ቤልጂየም
መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርቅዬ፣

አዲሱ ዓመት ከነጤናው ከነሰላሙ ደጅዎ ይግባ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄ ደግሞ ማነው ብለው ፖስታውን ከማገላበጥዎ በፊት ራሴን ላስተዋውቅ፤ ቃለጽድቅ ነኝ፣ የገብረአምላክ ልጅ። አባቴ የእርስዎ የአክስት ልጅ፣ መርከበኛ ሆኖ መጥቶ እዚህ ወደብ ላይ የቀረው ማለት ነው። ለአማርኛዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነው አባቴ ዘንድ የመጣሁት፣ ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የምጽፈው ለእሱ ብቻ ነበር።

ፊደሉ ቢወላገድ አይፍረዱብኝ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ዕቃውን ሳስተካክል ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ዘጠኝ ፎቶዎች አገኘሁ። ሁሉም ቀራንዮ ያሠራው የነበረው ቤት ነው። መጀመሪያ መሠረቱ፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ከዚያ ማገሩ፣ በመጨረሻ ቆርቆሮ ለብሶ። ዘጠኙም ልክ ከአንድ ቦታ የተነሡ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ነጭና ቀይ ቀለም የተቀባች ዘንግ በሩ በሚሆንበት ቦታ ተደግፋ ትታያለች። ሰው የለም። ቤቱ ብቻ ፊት ለፊት ቆሞ ያያል። ቤቱ ከተሸጠ ቆይቷል፣ አባቴም አንድ ቀን ሳይተኛበት ሞተ። ፎቶዎቹን ግን እየመላለሰ ሲያይ እንደኖረ ጠርዛቸው ይናገራል።

እኔ የምሠራው ለአንድ የፎቶ ጋለሪ ፍሬም መሥራት ነው። አንዱን ፎቶ ለራሴ ብዬ በፍሬም አስገብቼ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። የጋለሪው ባለቤት ሊዝቤት ትባላለች፤ ቡናዋን ይዛ ስታልፍ አየችውና ቆመች። ቡናው ቀዘቀዘ፣ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። እትዬ፣ እዚህ አገር የሕንፃ ፎቶ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ፋብሪካ፣ የውኃ ጋን፣ የቆየ መኖሪያ ቤት፣ ምንም ይሁን፤ እንደ ሥዕል ገዝተው ግድግዳቸው ላይ ይሰቅላሉ፣ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። ሊዝቤት እንዲህ ያለ ነገር በሃያ ዓመት ሥራዬ አላየሁም አለች። ሌላ ካለ ኤግዚቢሽን እናዘጋጃለን ብላለች።

የቤቱን ፎቶ ይልኩለት የነበሩት እርስዎ እንደሆኑ አባቴ በሕይወት ሳለ ነግሮኛል። ጀርባቸው ላይ «ፎቶ ወንድይፍራው፣ ጦር ኃይሎች» የሚል ማኅተም አለ። ሌላ ይኖርዎት ይሆን? ዘመዳችን ሶፊ በጥቅምት ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች፣ በእሷ እጅ ቢልኩልኝ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃቸዋለሁ።

እግርዎን የምስም ልጅዎ፣
ቃለጽድቅ ገብረአምላክ


ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቃለጽድቅ፣

የአባትህን ነፍስ ይማር፣ አንተን ደግሞ በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፣ እሱንም ያንተ ደብዳቤ አስረስቶኛል። ሶፊ ደብዳቤውን ስታነብልኝ «ድገሚው» አልኳት። ሦስት ጊዜ ደገመችው። አራተኛውን መነጽሬን ፈልጌ ራሴው አነበብኩት።

ሌላ ይኖርዎት ይሆን ትለኛለህ? አንተ ልጅ! ቁም ሣጥኑ ሙሉ ነው! ከ1986 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ከጦር ኃይሎች እስከ ዘነበወርቅ፣ ከዘነበወርቅ እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ያላነሣሁት ቤት የለም። ማኅተሙ የባለቤቴ የወንድይፍራው ነው። ፎቶ ቤቱ የእሱ፣ ፈቃዱም በእሱ ስም ነበር። እሱ ሰው ያነሣል፤ ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ክርስትና። እኔ ሰው ማንሣት አልወድም፣ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ጥፋቱ ያንቺ ነው ይልሻል። ቤት ግን ዝም ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ቤት የኔ ሆነ።

እንዴት እንደጀመርኩት ልንገርህ። አንድ ጅዳ የሚሠራ ሰው ለወንድሙ ገንዘብ እየላከ ቤት ያሠራል። ወንድምየው የጎረቤት ቪላ ፎቶ አስነሥቶ «ያንተ ነው» እያለ ይልክለታል። ሰውየው መጥቶ ቢያይ የቆርቆሮ አጥርና አንድ ጉድጓድ! ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ፣ ሳላውቅ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ደንብ አወጣሁ። ከበሩ ሃያ እርምጃ እቆጥራለሁ፣ አንድ አልጨምርም፣ አንድ አልቀንስም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብቻ ነው የማነሣው። ሁለት ሜትር ዘንግ በሩ አጠገብ ይቆማል፣ ቤቱ ስንት እንደሚሆን ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሆኖ ይለካል። በሩ ይከፈታል፣ የወለሉ ሲሚንቶ፣ ሊሾው፣ መፍሰሱ እንዲታይ። ጀርባው ላይ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ማኅተም አደርጋለሁ። በኔ ፎቶ የተታለለ አንድ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም።

ሠላሳ አንድ ፎቶ መርጬ ለሶፊ ሰጥቻታለሁ። የድሮ ደንበኛዬ የሰብሪያ ቤት አለበት፣ ሰብሪያ አሁንም እዚያው ነች፣ ጦር ኃይሎች ጨርቅ ትነግዳለች።

እኔ ከዚህ ነገር ምንም አልጠይቅህም፣ አንድ ነገር ብቻ። ወንድይፍራውን እግዜር ያሳርፈውና፣ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ስሜ ተጽፎ አያውቅም፣ ጀርባው ላይም አልተጻፈም። እሱ እየነገረኝ እኔ አዲስ ማኅተም ለማስቀረጽ ሰንፌ ቀረሁ። አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ስሜ ከፎቶዎቼ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ባይ ደስ ብሎኝ እሞታለሁ። እንዴት ብለው እንደሚጽፉት ላክልኝ፣ በእነሱ ፊደልም ቢሆን።

ድንግል ማርያም በእጇ ትደግፍህ፣
ብርቅዬ


አንትወርፕ
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅዬ፣

ጉልበትዎን ይማርልኝ፣ ቤትዎን ይባርክልኝ። ፎቶዎቹ አንድም ሳይታጠፍ ደርሰዋል! ሊዝቤት ጋለሪውን ዘግታ፣ ስልኳን አጥፍታ፣ ሠላሳ አንዱን መሬት ላይ ደረደረቻቸው። በጫማ እንዳንጠጋቸው ሁለታችንም በካልሲ ነበር የምንሄደው። ቢያዩን ይስቁ ነበር።

እኔ ፍሬሙን ጀምሬያለሁ። ከዋንዛ ጋር የሚመሳሰል ጥቁር ቡና መልክ ያለው እንጨት አገኘሁ። በፎቶውና በፍሬሙ መካከል አራት ጣት የሚያህል ነጭ ካርቶን እተዋለሁ፣ ቤቱ እንዲተነፍስ። ፎቶው በፀሐይ እንዳይደበዝዝ የሚከላከል መስታወት አዘናል። መክፈቻው ሚያዝያ 25 ቀን ነው። ከብራሰልስ አንድ ሰብሳቢ መጥቶ አየ። ዕድሜ ልኩን የሕንፃ ፎቶ ብቻ የሚሰበስብ ሽማግሌ ነው፤ አንድ ሰዓት ዞረና አሥራ ሁለት ፎቶ ይያዝልኝ አለ። እሱ ሲወጣ ሊዝቤት አቅፋኝ ዘለለች። ከፍሬም ቤት አውጥታ ጋለሪው ውስጥ እንደምታሠራኝ ቃል ገብታልኛለች። ዓመታት የጠበቅሁት ነገር ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ኔጌቲቮቹ እርስዎ ዘንድ ካሉ እባክዎ አዲስ ፎቶ አያሳትሙባቸው። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያን ጊዜ የታተመውን፣ ሌላ የማይጨመርበትን ነው።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ከድሮዎቹ ፎቶዎች ስድስቱ ላይ ዘንጉን የያዘ ቀጭን ሰው አለ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሁልጊዜ ወደ ጎን የሚያይ። ሊዝቤት በጣም ወዳዋለች። ዝርዝሩ ላይ «ያልታወቀ ረዳት» ብለን ጽፈነዋል። ማን ነው?

ብርዱ ገብቷል፣ እኔ ግን ሙቀት በሙቀት ነኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ቃለጽድቅ


ቀራንዮ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃሌ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ። በካልሲ መሄዳችሁን ስሰማ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እነዚያ ፎቶዎች እኮ አንድ ክረምት ጣሪያዬ ሲያፈስ ባልዲ ሥር ነበሩ!

ሰፈሩን ካየኸው ጉድ ትላለህ። ለዕድራችን ጸሐፊ ለፈቀደ ብቻ ነበር የነገርኩት። ፈቀደ ደግሞ ምስጢር ይጠብቃል ብለህ ስትነግረው በማግሥቱ ከታክሲ ረዳት አፍ ትሰማዋለህ። እሑድ ከዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የኛ ብርቅዬ በአውሮፓ!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። አሁን ያለፈ ያገደመው «የኔ ቤት አለበት ወይ?» ይለኛል። ቤታቸው የሌለበት ሁለት ሰዎች አኩርፈውኛል። ሰብሪያማ ሱቋ ላይ «ይህ ቤት በቤልጂየም ይታያል» ብላ ልትለጥፍ ምንም አልቀራት፣ ቤቱ ሌላ ሱቁ ሌላ ነው ብዬ ነው ያስተውኳት።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ካሜራውን ከሣጥን አወጣሁ። ወገብህ ላይ አድርገህ ከላይ ቁልቁል የምታይበት ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ነው። አቧራውን ጠረግሁት፣ ቁልፉን ብጫነው ቀጭ አለ። ያ ድምፅ ስንት ዓመት ናፍቆኛል መሰለህ። ልጄ እፀገነት ከሥራ ስትገባ እልፍኝ መሐል ባዶ ካሜራ ይዤ እርምጃ ስቆጥር አገኘችኝ። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነርስ ስለሆነች መጀመሪያ ግንባሬን ነው የዳሰሰችው።

አዲስ አታሳትሚ ያልከውን ሰምቻለሁ፣ አላሳትምም። አንተ ግን የኔን አልሰማህም። ስሜን እንዴት ብለው እንደሚጽፉት ላክልኝ ብዬህ ነበር። አንተ ስለ እንጨቱም ስለ መስታወቱም ስለ ብርዱም ጽፈህልኛል። የሚለጠፍ ማስታወቂያ ካለ አንድ ላክልኝ፣ ስሜ ያለበትን።

ባለ ባርኔጣው ማን እንደሆነ የምነግርህ የስሜን ነገር ስትነግረኝ ነው። እኔም እኮ ምስጢር መቆለፍ እችላለሁ።

በሰላም ይግጠመን፣
ብርቅዬ


አንትወርፕ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጥምቀቱን በደስታ እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በመዘግየቴ ይቅርታ፣ ሥራ በጣም በዝቶብኝ ነው።

ሁሉም በደህና እየሄደ ነው። ሃያ ስምንቱ ፍሬማቸው አልቋል። ማስታወቂያው ገና አልታተመም፣ ሲታተም እናያለን። ሶፊ እንደነገረችኝ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሊያነጋግርዎ ፈልጓል። ለጊዜው ባይሆን ይሻላል። ከመክፈቻው በኋላ ይደርሳል።

ደህና ይሁኑልኝ፣
ቃለጽድቅ


ቀራንዮ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃለጽድቅ ገብረአምላክ፣

ደህና ነኝ። አንተም ደህና ሁን።

ትናንት እፀገነት የጋለሪያችሁን ገጽ በስልኳ ከፍታ እየተረጎመች ታነብልኝ ጀመር፣ ከዚያ መሐል ላይ ማንበቧን አቆመች። አንብቢው አልኳት። «ወንድይፍራው፣ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ፣ በ1998 የሞተ። ሥራው በሕይወት ዘመኑ የተዘጋ፣ ከእንግዲህ ሌላ የማይጨመርበት» ይላል። የኔ ስም የለም። ታች ወረድ ብላ ፈለገችው፣ ላይ ወጥታ ፈለገችው፣ የለም።

እኔ አለሁ ልጄ። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ አልሞትኩም።

ወንድይፍራው የሞተው በግንቦት 1990 ነው፣ በእናንተ አቆጣጠር 1998 ይሆናል፣ እሱ ትክክል ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ ያለው ቀን ግን የኛ ቀን ነው። የሰብሪያ ቤት ላይ 1997 ተብሎ ተጽፏል። በኛ 1997 ወንድይፍራው ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል። የአባትህም ቤት የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እነሱ ቀኑን የራሳቸው መስሏቸው አንብበውታል፣ እነሱ ምን ያውቃሉ። አንተ ግን የኛን ቀን ታውቃለህ፣ በየደብዳቤህ አናት ላይ ትጽፈዋለህ።

ባለ ባርኔጣው ማን ነው ብለህ ነበር። ወንድይፍራው ነው። «ያልታወቀ ረዳት» ያላችሁት ባለቤቴ ነው። እሁድ እሁድ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ዘንጌን ይይዝልኝ ነበር። ካሜራ ማየት ያፍራል፣ ለዚህ ነው ወደ ጎን የሚያየው። እንግዲህ ንገረኝ፣ እሱ ዘንጉን ይዞ ከቆመ፣ ካሜራውን የያዘው ማን ነው?

ብርቅዬ


አንትወርፕ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅዬ፣

ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፣ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አልቻልኩም። ሰላምታ ለማቅረብም አፍሬያለሁ።

አጥፍቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ፣ ማመካኛ አይደለም። ገና የእርስዎ መልስ ሳይመጣ ሊዝቤት ማኅተሙን አይታ «ይህ ሰው በሕይወት አለ?» አለችኝ። የለም፣ ከአባቴ እንደሰማሁት በ1998 ሞቷል አልኳት። ዓይኗ በራ። የሞተ ሰው ሥራ አይጨመርበትም፣ ስለዚህ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ፣ ያነሱት እርስዎ መሆንዎን አነበብኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋታው ያ ሽማግሌ መጥቶ አሥራ ሁለቱን ያዘ፣ እሷም አዲሱን ሥራ ቃል ገባችልኝ። ነገ እያልኩ አራት ወር አለፈ። የስምዎን ነገር በጠየቁኝ ቁጥር ወሬ እቀይር ነበር። ስለ እንጨቱ የጻፍኩልዎ ለዚህ ነው።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ቀጥታ ወደ ሊዝቤት ሄድኩ። ባለ ባርኔጣውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ያሉትን ቃል በቃል ተረጎምኩላት። «እሱ ዘንጉን ይዞ ከቆመ፣ ካሜራውን የያዘው ማን ነው?» ከዚያ ጮኸችብኝ፣ እውነቷን ነው። ሰብሳቢውን ምን እላለሁ አለች። ማታ ግን ደወለችልኝ። «በሕይወት ካለች ስሟን እንጽፋለን። ግን ማስረጃ ያስፈልገኛል፣ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሳሳትም» አለችኝ። መክፈቻው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ማስረጃው በሦስት ሳምንት ካልደረሰ ኤግዚቢሽኑን ትሰርዘዋለች።

ኔጌቲቮቹን ይላኩልኝ፣ ከቻሉ። ካልፈለጉም አልፈርድብዎትም። እኔ ከፍሬም ቤቱ አልወጣም፣ እሱ ይቅር። የእርስዎ ስም ግን እንዲቀር አልፈልግም።

ይቅር ይበሉኝ፣
ቃለጽድቅ


ቀራንዮ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቃሌ፣

እግዚአብሔር ልብህን ይጠብቅልህ። ሁለት ቀን ተናድጄ ነበር፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ንዴት ለማስረጃ እንደማይሆን ገባኝ። ሂሳባችንን ስትመጣ እንጨርሳለን፣ ጆሮህን እንደምጎትትህ እወቅ።

ማስረጃ አለችኝ አይደል ሴትየዋ? እሰየው! እኔ ዕድሜ ልኬን ማስረጃ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ካሜራውን አንግቤ፣ ዘንጉን ይዤ ወጣሁ። ፊልሙን ፈቀደ ነው ፒያሳ ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ያገኘልኝ፤ ምስጢር አይችልም እንጂ ዕቃ ማግኘት ይችልበታል። ታክሲው ውስጥ ዘንጉ አልገባ ብሎ በመስኮት አወጣሁት። ረዳቱ «እማማ፣ ለዘንጉም ይከፈላል» አለኝ፣ ታክሲው ሁሉ ሳቀ። ሰብሪያ ቤት ስደርስ ግማሹ ሰፈር ወጥቶ ይጠብቀኛል። ከበሩ ሃያ እርምጃ ቆጠርኩ። ጉልበቴ እያመመኝ እርምጃዬ አጠረ መሰለኝና እንደገና ቆጠርኩ። ድሮ የቆምኩበት ቦታ ላይ አሁን የመብራት ምሰሶ አለ። ምሰሶውን ታክኬ ቆምኩ። ሰብሪያ በሩን ከፈተች። ግድግዳው ቀለም ተቀይሯል፣ ግራና ቀኙ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፣ በሩ ግን ያው በር ነው፣ ዘንጉም እዚያው ቦታ ቆመ።

ከወንድይፍራው ሞት በኋላ ዘንጉን የሚይዝልኝ ሰው አልፈለግሁም። እፀገነት እይዛለሁ ስትለኝ በሩ ላይ ደግፊው እላት ነበር። የአባትህ ቤት ላይ ሰው የለም ያልከኝ ለዚህ ነው። ሐሙስ ዕለት ግን ሰብሪያ ሳትጠይቀኝ ሄዳ ያዘችው። ልከለክላት ፈልጌ ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። ከላይ ቁልቁል ሳይ የካሜራው መስታወት ላይ እሷና ቤቷ ቁልጭ ብለው ታዩኝ፣ አለቀስኩ፣ አነሣሁት። ደስ ብሎኛል ልጄ። እንደ ልጃገረድ ነው ደስ ያለኝ።

ያንን ፎቶ በፊልሙ ጭምር በፈጣን ፖስታ ልኬልሃለሁ። የሰብሪያ ቤት የ1997ቱ ኔጌቲቭም አለ፣ ሁለቱን ያስተያዩ። ወንድይፍራው ያለበት ኔጌቲቭ ደግሞ እነሆ። በአንዱ ፊልም ላይ አሥራ ሁለት ፎቶ አለ፣ ሁሉንም ይመልከቱ። አሥራ አንደኛው ላይ እሱ ዘንጉን ለኔ ሰጥቶ ካሜራውን ተቀብሎኝ ሊያነሣ ሞክሮ ነበር። እኔ ጣራው ሥር ቆሜያለሁ፣ ጭንቅላቴ ግን በፎቶው ውስጥ የለም። ቤት ማንሣት እንደማይችል ለዚያች ሴትዮ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም።

ብርቅዬ


አንትወርፕ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅዬ፣

እንኳን ደስ ያለዎት! እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ሦስት ቀን ሆኖኛል እንቅልፍ ከያዘኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ኔጌቲቮቹ እንደደረሱ ሊዝቤት መብራት ላይ ዘረጋቻቸው። አሥራ አንደኛውን አየች፣ ጭንቅላት የሌለውን። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በቃኝ» አለች። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሲነገረው ተቆጥቶ አሥራ ሁለቱንም ትቶ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሌሎቹን አሥራ አንዱን አልፈልግም፣ ወንድይፍራው ዘንጉን የያዘበትን ግን አልተውም አለ። የዚያን ግርጌ ጽሑፍ ለውጠነዋል። «ያልታወቀ ረዳት» የሚለው ወጥቶ «ወንድይፍራው፣ የፎቶ አንሺዋ ባለቤት፣ ዘንጉን ይዞ» ሆኗል።

በመክፈቻው ዕለት ሰው በሩ ላይ ተሰለፈ። ሁለቱ የሰብሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ናቸው፣ ሰው የሚሰበሰበው እነሱ ጋ ነው። አንዲት አርክቴክት ሴት ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ በዘንጉ ስትለካ አየኋት፣ አላሳሳታትም። አባቴ ቤት ፊት ብዙ ቆሜያለሁ። ዘጠኙም ተሰቅለዋል፣ ከመሠረት እስከ ቆርቆሮ።

እኔ ፍሬም ቤት ነኝ። ሊዝቤት ገና አላመነችኝም፣ ትክክል ነች።

ስሜን እንዴት ጻፉት ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል። በቃል ብነግርዎ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ፣ አይገባኝምም። ስለዚህ ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ጋለሪው ውስጥ ሃያ እርምጃ የሚሆን ቦታ የለም። መንገዱን ተሻግሬ ከበሩ ሃያ ቆጠርኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ሁለት ሜትር ዘንግ ሠርቼ ቀይና ነጭ ቀባሁ። በሩን ከፍቼዋለሁ፣ ውስጡ እንዲታይ። ዘንጉን የያዘችው ሊዝቤት ናት፣ ራሷ ነች እይዛለሁ ያለችው። የጋለሪው መስኮት መስታወት ላይ ያለውን ያንብቡ።

ቃለጽድቅ


ቀራንዮ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቃሌ፣

አንተንም ሥራህንም ጌታ ይባርክ።

ፎቶው ደርሶኛል። መጀመሪያ ለብቻዬ አየሁት። አጉሊ መነጽር አምጥቼ በዘንጉ ለካሁ፤ በሩ ሁለት ሜትር ከሃያ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህላል። «ብርቅዬ» ይላል፣ በአማርኛ፣ ሥሩ በእነሱ ፊደል። እኔ ስሜ ግማሽ ሜትር ያህላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ እፀገነትን ጠራሁ፣ ሰብሪያን ጠራሁ፣ ፈቀደን ግን አልጠራሁትም፣ ሳይጠራ መጣ። እልልታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰምቷል ይላሉ።

ዘንጉ ትንሽ ወደ ግራ ዘሟል፣ ሴትየዋ እጇ አልጸናም፣ በሚቀጥለው ትለምዳለች። በሩ ተከፍቷል፣ ወለሉ ይታያል። ጥላው ልክ ነው። ከልቤ ነው የምልህ፣ ያለ ስሕተት የተነሣ ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት፣ ባዶ ነው። ቀን የለበትም፣ ስም የለበትም። ስለዚህ ፎቶውን በዚሁ ፖስታ መልሼ ልኬልሃለሁ። ማን እንዳነሣው ጻፍበትና ላክልኝ፣ ከዚያ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ።

እናትህ፣
ብርቅዬ